ከጀርባ ያለው እጅ

ሱቁ ውስጥ "ጋሽ መርፌ" ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ሻጯ ናት፤ ቀጭን ስለሆነ፣ ደግሞም ድምፁን ሳያሰማ ገብቶ ስለሚወጣ። እሷን ራሷን ማሪቱ ይሏታል፤ ከበሩ የገባውን ፍጡር በሙሉ "የኔ ማር" ስለምትል። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ እንኳ "የኔ ማር፣ ይሄ ሰማያዊ እንዴት ይሄድብሃል!" ብላው፣ ሰውዬው የመሥሪያ ቤቱን ቱታ ቁልቁል አይቶ፣ ቆጣሪውን ሳያነብ ወጥቷል።

ክፉ ሴት ናት እንዳትሉብኝ። የታመመ ሰው ስትጠይቅ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ናት። ግን ሥራዋ ምላሷ ነው፤ ምላሷ ካረፈ ባለሱቁ ፊቱን ያጠቁርባታል።

ሱቁ የሴቶች ልብስ ይሸጣል፤ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ካፖርት። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ መስታወት አለ። አንድ ብቻ። ጀርባን የሚያሳይ ሌላ መስታወት ነበር፤ ባለሱቁ "ቦታ ይይዛል" ብሎ አስነሳው። ቦታ መያዙን እንጃ፤ ይናገር የነበረው እውነት ግን ከገበያው ጋር አልተስማማም።

ማሪቱ ደንበኛ ከያዘች በቀላሉ አትለቅም። "ለማየት ብቻ ነው" ቢሏት ለእሷ "እንደምን ዋልሽ" እንደማለት ነው። መጀመሪያ በደንበኛዋና በበሩ መሃል ትቆማለች። ቀጥሎ ወንበር ታቀርባለች፣ ቀጥሎ አንድ ብርጭቆ ውሃ፤ ውሃቸውን የጠጣ ሰው ባዶ እጁን መውጣት ይከብደዋላ። ከዚያ ቅቤ መቀባት ነው። ለሃምሳ ዓመቷም ለሰባ ዓመቷም "አንቺ" ነው የምትለው፤ "'እርስዎ' ያስረጃል፣ ያረጀች ሴት ደግሞ ልብስ አትገዛም" ባይ ናት። ከልጇ ጋር የመጣችውን "እህትማማች ናችሁ እንዴ?" ትላለች። ይህ ሁሉ ተብሎ ደንበኛዋ አሁንም ካመነታች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ወደ ጓዳ ትጣራለች።

"ባለሙያችን ይየው እስቲ!"

ባለሙያው እንግዲህ የኛ መርፌ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከጓዳ ይወጣና ከደንበኛዋ ኋላ ይቆማል። በቀኝ እጁ ትከሻዋ ላይ ያለ ብናኝ የሚያራግፍ መስሎ፣ በግራው ከጀርባዋ፣ ልክ ከሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል፣ የተረፈውን ጨርቅ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ያ ጆንያ የነበረ ልብስ መስታወቱ ውስጥ ወገብ ያወጣል። መርፌም ሴትዮዋን በመስታወት እያየ፣ በዚያ ረጋ ባለ የትልቅ ሰው ድምፁ፣ "ልክ ለእርስዎ የተሰፋ ይመስላል" ይላል። አራት ቃል ናት። የማሪቱ የአንድ ሰዓት ምላስ ያልሸጠውን አራት ቃል ይሸጠዋል፤ ሻጭን የማያምን ሰው ልብስ ሰፊን ያምናል። ደንበኛዋ ዞር ሳትል ማሪቱ ልብሱን ከትከሻዋ ተቀብላ፣ አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ትከተዋለች። መርፌ ወደ ጓዳው ይመለሳል። ሴትዮዋ እቤቷ ሄዳ ስትለብሰው ምን እንዳለች አይሰማም።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ ትሉኝ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? ውሸትም እንደዚያው ነው። መርፌ ድሮ የራሱ የልብስ ስፌት ቤት ነበረው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል፣ ግን የራሱ ነበር። በኋላ ተሰፍቶ የሚመጣ ርካሽ ልብስ ከተማውን ሲሞላው፣ ሰው ጨርቅ ይዞ መምጣት ተወ። ቤቱን ዘጋ። የስፌት መኪናውን እቤቱ ወስዶ በጨርቅ ሸፈነው፤ ዛሬ የአበባ ማስቀመጫና የሚስቱ የመነጽር ቤት ይቀመጥበታል። ይህ ሱቅ እጅጌ ለማሳጠርና ዚፕ ለመቀየር ቀጠረው።

በመጀመሪያው ወር አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ሰፋባትና "ቢጠብ ምን ይመስላል?" ብላ ጠየቀች። መርፌ በቅን ልቡ ከኋላ ጨበጥ አድርጎ "ይኸው፣ ሳጠበው እንዲህ ይሆናል" አላት። ሴትዮዋ መስታወቱ ውስጥ ባየችው ነገር ልቧ ጠፋ፤ ሳይጠብላት ይዛው ሄደች። ባለሱቁ ቆሞ ያይ ነበር። ሊዘጉ ሲሉ ጠራውና፣ "ጎበዝ! ብቻ በሚቀጥለው 'ሳጠበው' የምትለዋን ተዋት" አለው። አንድ ቃል ብቻ ነው ተው የተባለው። አንድ ቃል ምን አላት? ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ለራሱ የማለው አንድ ነገር ግን ነበር፤ የሱቁን ወሬ እቤቱ ላያስገባ። ቀኑን ሙሉ "ያምርብሻል" ሲባል ሰምቶ የሚውል ሰው ቃሉ ጆሮው ላይ ይሻግትበታል። ድሮውንም ለሙገሳ አፉ የማይፈታ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህማ ጭራሽ፣ ሚስቱን "ታምሪያለሽ" ብሏት አያውቅም። ፀጉሯን ተሠርታ ስትመጣ ያያል፣ ዝም። አዲስ ሻርፕ ጣል ስታደርግ ያያል፣ ዝም። ድሮ ድሮ "እንዴት ነኝ?" ትለው ነበር፤ እሱም "ደህና ነሽ" ይላታል፣ ስለ ጤናዋ የተጠየቀ ይመስል። በኋላ መጠየቁን ተወችው። እሱ ታዲያ ይህን በልቡ እንደ ክብር ነበር የሚቆጥረው፤ ውሸቱን ለሌላው እሰጣለሁ፣ ለእሷ አልዋሽም ባይ ነው። አይ የወንድ ነገር! እሷ ይህን በምን ታውቅልሃለች? የነገርካት ነገር አለ? ለእሷ ዝምታ ዝምታ ነው።

ሱቁ አካባቢም ድርሽ እንድትል አይፈልግም። "እዛ ያለው ዋጋ ለኛ አይሆንም፣ ባለሱቁም ቤተሰብ ሲመጣ አይወድም" ብሏት ነበር። እሷ ለጎረቤት "ባሌ የትልቅ ሱቅ ዋና ልብስ ሰፊ ነው" እያለች ታወራለች፤ ሰምቶ አላረማትም።

እሷ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ነው የምትሠራው። ሃያ ስድስት ዓመት ደወል ደውላለች፣ ሰሌዳ ወልውላለች፣ ያስመለሰውን ሕፃን አጥባለች፣ ያለቀሰውን አስቃለች፤ ይህን ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ጋዋን። በቅርቡ ርዕሰ መምህሯ ጠርታት፣ "አርብ በወላጆች ስብሰባ ላይ የምስጋና ወረቀት እንሰጥሻለን። እባክሽ ለዛ ቀን ያለ ጋዋን ነይ" አለቻት። ይህን ለባሏ ስትነግረው እየሳቀች ነበር።

"ያለ ጋዋን ያውቁኝ ይሆን?" አለች።

ከዛ ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ውስጡ ያለው ያው ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቆማ ልትታይ ነው፤ ከሰው እኩል ለብሳ መቆም ፈለገች። ትንሽ ትንሽ ስታጠራቅም የቆየቻት ገንዘብ ነበረቻት። የት ልግዛ ብላ አሰበች። ሻጭ ሁሉ አጭበርባሪ ነው፣ ያለ ዋጋው ይጠራል፣ ያላማረውን አማረ ይላል። እንግዲህ የማያታልለኝ የቱ ነው አለች፤ ባሌ ያለበት ነዋ!

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። መርፌ ጓዳው ውስጥ እጅጌ እያሳጠረ ነው። የዛን ቀን ጠዋት ባለሱቁ በግራ ጎኑ ተነስቶ ነበር። ሱቁ ውስጥ ሁለት ክረምት የተሰቀለ አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ካፖርት አለ፤ ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ ከሴት ሁሉ ትከሻ የሚሰፋ። ሠራተኞቹ "ቆሞ ቀሩ" ነው የሚሉት። ባለሱቁ እሱን በጣቱ እያሳየ፣ "ይሄ ነገር ለሦስተኛ ክረምት እዚህ ካደረ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ አታድሩም" ብሏቸዋል። እናም መርፌ የማሪቱን ድምፅ ሲሰማ ቆሞ ቀሩን እንዳወረደችው ወዲያው ገባው።

"የኔ ማር፣ ይሄ ቀለም እኮ አንቺን ሲጠብቅ ነው የኖረው!"

"እኔን አይደለም፤ ገዢ ሲጠብቅ ነው የኖረው" አለች ደንበኛዋ።

የመርፌ እግር የሱቁ ስፌት መኪና ፔዳል ላይ ደርቆ ቀረ። ድምፁ የሚስቱ ነው።

"ስንት ዓመትሽ ነው የኔ ማር? ሠላሳ አምስት?"

"ሃምሳ አራት። አይንሽን ታመሽ ከሆነ እዚህ ማዶ ሐኪም አለ።"

"ኧረ ተጫዋች ነሽ! ውሃ ላምጣልሽ?"

"ይቅርብኝ። ውሃሽን ጠጥቼ ደግሞ ላፍርልሽ?"

ሌላ ቀን ቢሆን መርፌ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማሪቱ አቻዋን አገኘች። አሁን ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ ይጸልያል፤ ጽኚ፣ እባክሽ ጽኚ፣ በሩ ያው፣ ውጪ። ሚስቱም ጸናች። ትከሻው ሰፋ አለች፤ እጅጌው ጣቴን ዋጠው አለች። ማሪቱ "ሰፊ እኮ ነው የዘንድሮ ፋሽን" ስትላት፣ "እንግዲያው ድንኳን ልልበስ" ብላ መለሰች። ቁልፉን ስትፈታ ሰማ። እፎይ ሊል ነው፣ ሊተነፍስ ነው።

"ባለሙያችን ይየው እስቲ!" አለች ማሪቱ።

ጓዳው ሌላ በር ቢኖረው ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። መርፌ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ፤ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ባለሱቁ ከጠረጴዛው ኋላ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ያያል። ሚስቱ መስታወቱ ፊት ቆማለች፤ ካፖርቱ ትከሻዋ ላይ ወድቆ የሌላ ሰው አስመስሏታል። ዓይን ለዓይን በመስታወቱ ውስጥ ተገጣጠሙ።

አሁን "ይሄማ ባሌ ነው!" ትላለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ነገሩም ያበቃል ብሎ ተስፋ አደረገ። እሷ ግን በከንፈሯ ጥግ ፈገግ አለች፤ ጨዋታ አማራት። እንደማታውቀው ሆነች።

"እርስዎ ነዎት ባለሙያው?" አለችው። "እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ይቺ ልጅ ማር እያለች ጥርሴን ልትጨርሰው ነው። እርስዎ ያሉኝን አምናለሁ።"

መርፌ ከኋላዋ ቆመ። ምን ሊል እንደነበር ዛሬም ቢጠየቅ አያውቀውም። "ሰፊ ነው፣ ይቅርብዎት" ሊል ነበር ይላል፤ ይበል። ግራ እጁ ግን ዘጠኝ ዓመት የለመደችውን መንገድ ማንንም ሳትጠይቅ ሄደች። ጨርቁን ከሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል ጭብጥ አደረገች። በጣቶቹ ጀርባ የሚስቱን የጀርባ አጥንት ነካ፤ እሷም ድንገት ቀጥ አለች። አንገቷ ረዘመ። ካፖርቱ ወገብ አወጣ፤ ያ የወይን ጠጅ ቀለም ፊቷ ላይ አንድ ነገር አበራባት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቆንጆ ነበረች! ሰውዬው ለሃያ ምናምን ዓመት አብሯት ኖሮ በዛች ቅጽበት ገና ያያት ይመስል አፉን ከፈተ።

"ያምርብኛል?" አለችው። ድምጿ ውስጥ ጨዋታው አልቆ ነበር።

"ያምርብዎታል" አለ። ባለሱቁ እያየው ነው። "ልክ ለእርስዎ የተሰፋ ይመስላል።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። ስለ ዋጋው አንዲት ቃል አልተከራከረችም። ያቺ ማሪቱን ያንበረከከች ሴት ማሪቱ ካፖርቱን አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ስትከተው ገንዘቧን ቆጥራ ሰጠች። መርፌ ጓዳው ገብቶ ተቀመጠ። ውጭ ባለሱቁ ሲያጨበጭብ ይሰማዋል፤ ቆሞ ቀሩ ተዳረ!

ወደ ቤቱ ሲሄድ አጭሩን መንገድ ትቶ በረጅሙ ዞረ። ደርሶ በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ ሳቋን ሰማ።

"ባለሙያው መጡ!" አለች በሩን ከፍታ። "አየህ አላጋለጥኩህም! ባለሱቁ ቤተሰብ አይወድም ብለኸኝ የለ? ኮስተር ብዬ ስቆም እኮ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።"

"አየሁሽ" አለ።

ጃኬቱን ተቀብላው ሰቀለችለት። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ ጃኬቱን እያስተካከለች፣ "የዛችን ልጅ አንድም ቃሏን አላመንኩም" አለች። "ልወጣ ነበር። አንተ ስትለኝ ግን... ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያልከኝ፣ ታውቃለህ? ደግሞ እጅህ። በዛ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአለቃህ ፊት፣ ጀርባዬን ደግፈህ ስትቆም! ከስንት ዓመት በኋላ ነው? ካፖርቱን እንኳ አላየሁትም ብልህ ይሻላል።"

መርፌ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። አሁን ተናገር አለው ልቡ። ነገ ሳይሆን፣ በኋላ ሳይሆን፣ አሁን። "እራት አለ?" አለ ምላሱ።

"ቆይ መጀመሪያ ልበሰውና እየኝ።"

ለበሰችው። የቁም ሣጥኑ በር ላይ ካለው መስታወት ፊት ቆመች፤ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ወረደ። ትከሻው ወርዷል። ጀርባው እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሏል። ከጎን አየችው፣ ከፊት አየችው፣ እጅጌውን ሰበሰበችው።

"እዛ እንዲህ አልነበረም እኮ" አለች። "ምን ሆኜ ነው? ቆሜ የዋልኩበት ቀን ስለሆነ ጎብጬ ይሆናል። ሰውነቴ ነው መሰለኝ፤ ድሮም ለኔ ልብስ..." አልጨረሰችውም። ይህን ነው መርፌ እስከ ዛሬ ሲያስበው እንቅልፍ የሚነሳው፤ ጥፋቱን በራሷ ሰውነት ላይ ነው የፈለገችው። እነዚያ ሁሉ ሴቶች እንደዚሁ ነበሩ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቤታቸው መስታወት ፊት ቆመው ሰውነታቸውን ሲረግሙ ኖረዋል።

"ና እስቲ" አለችው፣ አሁንም ያለ ምንም ተንኮል። "እዛ እንደቆምከው ከኋላዬ ቁም። መብራቱ ይሆናል።"

ቆመ። እጁን ዘርግቶ ያዘው። ካፖርቱ ልክ ሆነ።

ፈገግ ልትል ጀምራ ነበር፤ ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ።

"ልቀቀው" አለች። ለቀቀው፤ ጆንያ ሆነ። "ያዘው" አለች። ያዘው፤ ልክ ሆነ። "ልቀቀው።" ለቀቀው። ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ውስጥ እሱን እንጂ ካፖርቱን አላየችም።

"ለስንት ሴት ነው እንዲህ ያደረግከው?"

ቁጥሩን ማን ያውቀዋል? "ሥራዬ እኮ ነው" አለ፤ የገዛ ድምፁ አስጠላው።

"ሥራህን አልጠየቅኩህም" አለችው። "እኔ እጅህ መስሎኝ ነበር።"

ካፖርቱን አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ወደ ማድቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ብትጮህበት፣ አንድ ሳህን ብትወረውርበት በስንት ጣዕሙ! እራቱንም አቀረበችለት፤ "ብላ" አለችው፤ በትህትና፣ እንግዳ እንደሚያበላ ሰው።

ረቡዕ ጠዋት ካፖርቱን ከረጢቱ ውስጥ መልሶ ሱቁ ገና ሳይከፈት ደረሰ። ለማሪቱ ሁሉንም ነገራት። ማሪቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ ጋሼ! ሚስትህ ናት? ምነው በዓይንህ እንኳ ብትጠቅሰኝ? ለእሷማ እውነቱን እነግራት ነበር!" አለች። ደግሞም፣ ምላሷን መያዝ አትችልምና፣ "በሚስትህም? አንተ ግን ጨካኝ ነህ" አለችው።

ባለሱቁ ሲመጣ መርፌ ካፖርቱ ይመለስልኝ አለ። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በአገጩ አሳየው፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። ጽሑፉ የመርፌ የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ጎበዝ ጸሐፊ ነህ ተብሎ የጻፈው እሱ ነው። ባለሱቁ ታዲያ አልተቆጣም። ነገሩ ሲገባው እንዲያውም ሳቁ መጣ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ለገዛ ሚስትህ ሸጥከው! እኔ በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር እንደ አንተ ያለ ሻጭ አላየሁም፣ በእውነት!"

በዚያ ሱቅ ውስጥ ስንት ሺህ ሙገሳ ተነግሯል መሰላችሁ? ከልቡ የተነገረው ይህ አንዱ ብቻ ነበር። መርፌ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። የሁለት ቀን ፈቃድ ሲጠይቅም፣ "ለጎበዝ ሠራተኛማ!" ተብሎ ወዲያው ተፈቀደለት። ሥራውን ጥሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላደረገውም። የቤት ኪራይ አለ፤ ሆድ አለ። አመሰገነ፤ አዎ፣ አመስግኖ ወጣ።

እቤቱ ገብቶ የአበባ ማስቀመጫውን አነሳ፤ የመነጽሩን ቤት አነሳ፤ ጨርቁን ገፈፈ። መኪናው በስንት ጊዜው ዘይት ሲቀባ እያቃሰተ ተንቀሳቀሰ። ካፖርት ከትከሻው ከሰፋ በጎን አጥብበው አይድንም፤ ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። እጅጌዎቹን ነቀለ፣ ገበሩን ፈታ፣ አንገቱን አወረደ፤ ያ ሁሉ ካፖርት ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ቁርጥራጭ ሆነ። ልኳን መውሰድ ነበረበት። "ነይ ልለካሽ" ለማለት ግን አፉ አልደፈረም፤ እንደገና ከኋላዋ የሚቆምበት ፊት ከየት ያምጣ? በሩ ኋላ የተሰቀለውን ትርፍ ጋዋኗን አወረደና በእሱ ለካ። የትከሻውን፣ የደረቱን፣ የእጅጌውን። የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ሁለት ቁራጭ ጠመኔ አገኘ፤ አንዱን ወስዶ ጨርቁን አሠመረበት።

እሷ ከሥራ ስትመለስ አየችው። የመነጽር ቤቷን ከወለሉ ላይ አንስታ ወደ መኝታ ክፍል አለፈች። በማግስቱም እንደዚሁ አለፈች፤ ብቻ ያን ቀን አምፖሉን ወደ እሱ አዙራለት ነው የሄደችው። መርፌ አመሰግናለሁ ሊል ቀና ሲል ሄዳ ነበር።

አርብ ጠዋት ያንኑ የድሮ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ልትወጣ ስትል ካፖርቱን ይዞላት ቆመ። ተኩሶታል፤ ቁልፎቹን እንኳ ከጨርቁ ከፍ እንዲሉ ሥራቸውን በክር ጠቅልሎ እንደገና ተክሏቸዋል። ካፖርቱን አየችው፣ ሰዓቷን አየች፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ ሹራቧን አወለቀች። ሊያለብሳት ሲል ከእጁ ወስዳ ራሷ ለበሰችው።

መስታወቱ ፊት ቆመች። መርፌ ሆን ብሎ ራቅ አለ፤ ከበሩ አጠገብ፣ ሦስት እርምጃ ያህል። እኔ ልመስክር፤ ካፖርቱ ልክ ነበር። ትከሻው ትከሻዋ ላይ ተቀምጧል፤ እጅጌው አንጓዋ ላይ አብቅቷል፤ ወገቡ ወገቧን ያውቀዋል። ሰውዬው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቶ አያውቅም። ማሪቱም ባለሱቁም የሉም፤ የሚሸጥም የሚገዛም የለም። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያምርብሻል" አላት። አንድ ቃል ናት፤ እውነት ናት።

በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየችው፣ ብዙ ቆይታ። ልታምነው የፈለገች ይመስል ነበር። ከዚያ ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ ላከች፤ ጀርባዋን፣ ልክ ከሁለቱ ትከሻዎቿ መሃል፣ ዳበሰችው። ምንም አልነበረም፤ ጨርቁ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ደግማ ዳበሰችው።

እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት ባዶ እጆቹን የሚያስገባበት አጣ።